የኦቦ ገመቹ ወይራ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሽማግሌ ቡራዩ ያለው ግቢዬ ገብቶ ችግኝ ነቀለብኝ። መጀመሪያ ባርኔጣውን አንስቶ በወጉ ሰላም አለኝ፣ «አገር በቀል ችግኝ እርስዎ ጋ ይገኛል ብለውኝ ነው» አለ፣ ከዚያ ጎንበስ አለና አንዷን የወይራ ችግኝ አንገቷን ይዞ ካደገችባት ጥቁር ላስቲክ መዥረጥ አደረጋት። ሥሯን ወደ ፀሐይ ዞር አድርጎ አየ። አይቶ ሲጨርስ አልመለሳትም፣ እንደ ሲጋራ ቁራጭ መሬት ላይ ጣላት። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ አፈር እየነፋሁ ነበር፤ ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። ፊቱን አላወቅኩትም። ጥርሱ አልቋል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ያ በልኩ የተሰፋ ካኪ ኮት ይሞላ የነበረ ትከሻ የለም። እጁን ግን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ችግኝ እንደዚያ የሚነቅል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እጄ ላይ ጣልልኝ እያልኩ የለመንኩበት ሰው።

ስሙ ደረሰ ነው። ፊት ለፊት «አቶ ደረሰ፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ እናቴ በሥርዓት ነው ያሳደገችኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታዬን አልሰጠውም። የሚገባቸው ሰው ስላሉ ለእሳቸው አስቀምጬዋለሁ። ያን ቀን ማንነቴን አልነገርኩትም። የጣላትን ችግኝ አንስቼ ሥሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩና «ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎ» ብዬው ወደ ጓሮ ሄድኩ። እርጥብ ሥር የራሱ ሽታ አለው፣ ዝናብ እንደመታው ጫካ አፈር ያለ፤ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ እኔ ጓሮ ቆሜ ሳለሁ፣ ይዞኝ ገፈርሳ ገባ።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከቡራዩ ኬላ እስከ ገፈርሳ ችግኝ ጣቢያ በእግራችን ነው የምንሄደው፣ አምስት ስድስት ሆነን፣ እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ብብታችን ውስጥ ምሳችን። ኬላው ጥግ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁን ሲከፍት ከስፌት መኪናው በፊት ቴፑን ነው የሚያስነሳው፣ ዘፈኑ እስከ ድልድዩ ይሸኘናል። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር፣ ሻይ በአሥራ አምስት፣ ያውም ስኳሩ ከታች ተቀምጦ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ እግሩ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ መርካቶ የገዛኋት አንዲት ሰማያዊ የናይለን ሻርፕ ነበረችኝ። አፈር ለመዛቅ የሚሄድ ሰው ሻርፕ ምን ያደርግለታል? የጣቢያው የጭነት መኪና ሾፌር ያየኛል ብዬ ነዋ። አንድ ቀን እንኳ አላየኝም፣ ቀልቡ ያለው ሌላ ልጅ ጋ ነበር። ግድቡ ላይ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛል፤ እኛ ያን የአፈር ክምር ከብበን ላስቲክ እየሞላን ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እንዘፍናለን፣ እሳቸው ደግሞ በስተመጨረሻ፣ አጥሩ ሥር፣ ከሦስቱ የችግኝ መደቦቻቸው መሃል ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እሳቸው ያልኩት ኦቦ ገመቹን ነው። በደሞዝ ወረቀቱ ላይ ዘበኛ ናቸው። ከጫንጮ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ፣ ቀጭን፣ ከአንገታቸው ጋቢ የማይለይ፣ ማንበብ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ጣቢያው ውስጥ ግን ስለ ዘር የሚያውቅ ሰው ካለ እሳቸው ነበሩ። ባህር ዛፍ ማንም ያበቅለዋል፣ በትነኸው ዞር ስትል ይወጣል። ወይራ እንደዚያ አይደለችም። ኦቦ ገመቹ ወፍ በልታ የጣለችውን የወይራ ፍሬ ከዛፍ ሥር ይለቅማሉ፣ ቅርፊቱን ብቻ ሰንጠቅ እንዲል በድንጋይ ቀስ አድርገው ይነኩታል፣ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል፣ ከዚያ ይዘሩና መጠበቅ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አፈሩን ጭሬ ለማየት ስል እጄን ይይዙኛል። «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። ወይራን ኤጀርሳ ብለው ሲጠሩ የዘመድ ስም የሚጠሩ ነው የሚመስለው። በሦስቱ መደቦች ላይ ወይራ፣ ኮሶና ጽድ ነበራቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው ጊዜ ሰርቀው ያሳደጉት። ማንም አላዘዛቸውም።

ደረሰ ኃላፊ ሆኖ ሲመጣ ወጣት ነበር፣ ጫማው አቧራ የማይነካው። የሚፈልገው ቶሎ የሚታይ ነገር ነው። ሲዞር ችግኝ ይነቅላል፣ ሥሩን ያያል፣ ይጥላል፤ እንደዚያ ሲያደርግ የሚያውቅ ሰው ይመስለው ነበር መሰለኝ። አንድ ክረምት ትልልቅ እንግዶች ከከተማ መጥተው ችግኝ ይተክላሉ ተባለና ጣቢያው ታመሰ። ደረሰ አጥሩ ሥር መጥቶ ቆመ። «አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ቁጥቋጦ አንሳልኝ። እንግዳ የሚያየው ወጥ የሆነ ባህር ዛፍ ነው» አላቸው። ኦቦ ገመቹ ተነስተው ጋቢያቸውን ወደ ታች አወረዱ፣ ለክብሩ። «ጌታዬ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅኳቸው። አሁን ለመተከል ደርሰዋል፣ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» አሉት። ደረሰ ጎንበስ ብሎ አንዷን ወይራ መዘዘ፣ ሥሯን አየ፣ ጣላት። «ይኸው፣ እንዲህ ነው የሚነቀለው። ቀጥል» አለ። እኛ ሴቶቹ አፈር በእጃችን ይዘን ቀረን። ኦቦ ገመቹ ሦስቱን መደብ በገዛ እጃቸው ነቀሉ፣ አንድ በአንድ፣ ሥሩ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቁ። ለሚጣል ነገር ይጠነቀቁ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ማምሻውን ከቆሻሻው ጉድጓድ የቻልኩትን ለቅሜ በጆንያ አድርጌ፣ ሻርፔን ውሃ ነክሬ ከላይ አልብሼ፣ ቡራዩ እናቴ ግቢ አመጣኋቸው። እናቴ እብድ ነሽ አለችኝ። ከጆንያ ሙሉ አምስት ብቻ ዳኑ፤ ዛሬ ከጥላቸው ሥር ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው።

እንግዶቹ መጡ፣ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። በዚያ ጊዜም እንደ አሁኑ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር የተከለው ሰው ስም ያለበት ታፔላ ይቆማል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ውሃ ያጠጣው ሰው ስም የትም የለም። ደረሰ ለራሱ ከባህር ዛፍ ከፍ ያለ ነገር ፈልጎ ከሞቃት አገር ዘንባባ በመኪና አስመጥቶ የጣቢያው በር ላይ አስተከለ፣ ስሙንም በትልቁ አስጻፈ። ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቹ ዞሮ «ይህ ዘንባባ ከደረቀ አንተም እዚህ የለህም» አላቸው። ገፈርሳ ላይ ዘንባባ! ኦቦ ገመቹ ገና ሲያዩት ኅዳርን እንደማያልፍ ያውቁ ነበር። ቢሆንም ውርጩ ሲጀምር በየቀኑ ወደ ማምሻው የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ዘንባባውን ያለብሱ ነበር፣ እሳቸው በአሮጌ ልባሽ ኮት እየተንቀጠቀጡ፣ ደረሰም እያየ። ጥር ላይ ቅጠሉ እንደተቃጠለ ወረቀት ሆነ። የስንብት ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ይዘውት እኔ ጋ መጡ። «በቸልተኝነት» ይላል። «ቸልተኝነት ምንድን ነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ዓይናቸውን እያየሁ ማለት አቃተኝ። «ደክመዋል፣ ይረፉ ነው የሚለው» አልኳቸው። እግዜር ይስጥልን ብለው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጫንጮ ወንድማቸው ጋ ገቡ፣ የሚቀጥለው የተከላ ወቅት ሳይደርስ ሞቱ። ወሬውን ገበያ ላይ ነው የሰማሁት፣ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለሁ።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ደረሰ በእነዚያ አምስት ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊቱን እያራገበ ነበር። «እንዴት ያለ ግቢ ነው ያለዎት» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ግንብና መስታወት ሆኗል፣ በየበሩ ፊት ለፊት የውጭ ሳር ተነጥፎ በቦቴ ውሃ ይጠጣል። ጎረቤቴ በአጥሩ ዙሪያ ባህር ዛፍ ተክሎ የውሃ ጉድጓዱ ነጠፈ፤ የእኔ ጉድጓድ በሚያዝያም ባልዲ ይሞላል። ኮሶዬ ላይ ንብ አይጠፋም፣ ከወይራው ሥር ወፎቹ ዘር እየጣሉልኝ እኔ መልቀም ብቻ ነው። ሰው ይህን አይቶ ነው የሚመጣው፤ ሰበታ የስንቱን ግቢ ሠራሁ፣ ኮዬ ፈጬ አምስተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር ሴት እንኳ ጦስኝ በሳጥን ተክዬላታለሁ። እንግዲህ ደረሰንም ያመጣው ይኸው ዝና ነው።

«ሱሉልታ ቤት ሠርቼ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ባለፈው ክረምት ከተራራው የወረደ ጎርፍ የኋላ አጥሬን ጥሎ ሳሎን ገባ። ባለቤቴ ሌላ ክረምት እዚህ ቤት አላሳልፍም፣ ሰበታ እህቴ ጋ ነው የምገባው ብላ ቆርጣለች። በዚህ ዕድሜዬ ብቻዬን ልቀር ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ዘንባባዎቹን ውርጭ ጨረሳቸው።»

«ዘንባባ ተከሉ?» አልኩት።

«ስድስት። ከሞቃት አገር በመኪና አስመጥቼ።»

ሳቄን በሻሼ ጫፍ አፈንኩት። ያ ተራራ ላይ ያለው ባህር ዛፍ ከገፈርሳ ጣቢያ እንደሄደ አውቃለሁ፣ ችግኙን መኪናው ላይ ከጫኑት አንዷ እኔ ነኝ። ከሥሩ ሳር አያበቅል፣ አፈር አይዝ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንደ ጣሪያ ላይ ይንሸራተታል። ባህር ዛፉን የላከው እሱ፣ ጎርፉ ሳሎን የገባውም እሱው ላይ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አየሁ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

«እሠራልዎታለሁ» አልኩት። «ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እኔ ጋ ደንበኛ በእጁ ሦስት መደብ ላስቲክ ይሞላል። ለእርስዎ የሚተከለው ሌላ ሰው የሞላው ነው፣ እርስዎ የሚሞሉት ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል። ደንባችን ነው።» ውሸቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ደንብ የለኝም። «ሁለተኛ፣ በረንዳዎ ፊት ለፊት አንዲት ወይራ እተክላለሁ። እሷን እርስዎ ራስዎ ይንከባከባሉ። እሷ ከደረቀች የቀረውን ሁሉ ነቅዬ እወስዳለሁ።» ሳቀ። የአሮጊት ጨዋታ መሰለው። እኔ ግን በወረቀት አስፈረምኩት።

በየቅዳሜው በሚኒባስ ይመጣል። ያ ጫማው አቧራ የማይነካው ሰውዬ መሬት ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎለት፣ ጉልበቱን እያሸ፣ የጫካ አፈርና አሸዋ ከፍግ ጋር ያሻል። የሞላውን ላስቲክ ጫን አድርጌ አይና «አየር አለበት፣ ይገልበጡት» እለዋለሁ። ይገለብጣል። እንደገና ይሞላል። «አሁንም አየር አለበት።» አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ምን ነካት ብለው ያዩኛል፤ አልነገርኳቸውም። የዚያን ጊዜ ደስታዬን መደበቅ አልፈልግም፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መጋቢት ላይ ሰውዬው እጁን አሠለጠነ። ላስቲኩ ጥብቅ፣ ቀጥ ያለ ሆነ። የሰነጠቅነው የወይራ ዘር መጀመሪያ ብቅ ያለ ዕለት ልክ እንደ ሕፃን «ወጣ፣ ወጣ» ብሎ ጠራኝ። አፈሩን ሊጭር እጁን ሲሰድ ያዝኩት። «ሱታ» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ቤት ገብቼ በራሴ ተናደድኩ።

ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ሄድን። ሥራዬን በተንኮል አላበላሸሁም፣ ዛፎቹ ምን አደረጉኝ? ከኋላ ቁልቁለቱን እርከን አበጀን፣ በየእርከኑ ጓሳ ሳር ተከልን፣ ክትክታና ቀጋ አጥር አደረግን፣ ከላይ ኮሶና ጽድ። «ዝግባስ?» ሲለኝ «ሱሉልታ ሜዳ ላይ ልጅ ዝግባ ውርጭ ይበላዋል፣ ለዚህ አገር የዚህን አገር ነው የምተክልልዎ» አልኩት። ከፊት የሞተውን ሳር ገፈን ሰርዶ አለበስነው፣ ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ። ነሐሴ ላይ ያ ጎርፍ ወረደ፣ ከእርከን እርከን እየደከመ መጥቶ በቦዩ በኩል ወጣ፣ የሳሎኑ ምንጣፍ አልረጠበም። ባለቤቱ ወይዘሮ አልማዝ፣ ለእሱ የማትገባ ጥሩ ሴት፣ የታሰረ ሻንጣዋን ፈታች።

በረንዳው ፊት ያቆምኳት ያችኑ የመጀመሪያ ቀን የነቀላትን ችግኝ ነው። በዚያው ሰዓት አፈር አልብሻት፣ አንድ ሙሉ በጋ ሜዳ ላይ አሳድሬ አጠንክሬ አዳንኳት። ሥሯ ላይ በቆርቆሮ ያስጻፍኩትን ታፔላ ተከልኩ፦ «ይህ ወይራ በኦቦ ገመቹ የተተከለ ነው።» ደረሰ መነጽሩን አውጥቶ አነበበ።

«ገመቹ ማነው?»

«ገፈርሳ የነበሩት። ሦስት መደብ ያስነቀሏቸው።»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ያ ዘበኛ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ «ዘንባባውን እኮ የገደለው ውርጭ ነው» አለ።

«ያኔም ያውቁ ነበር?»

«እንግዶቹ ዘንባባህ የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሰው ተጠያቂ መሆን ነበረበት።» ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ግን ማነዎት?»

«ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው ልጅ ነኝ» አልኩት።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ይቅርታ የሚባልላቸው ሰው ጫንጮ አፈር ሥር ናቸው። ዶማዬን አንስቼ ሄድኩ። ታፔላውን ግን ሊነቅለው አይችልም፣ ወይዘሮ አልማዝ ወደደችው። ጠዋትና ማታ በረንዳ ላይ ብቅ ስትል «ኦቦ ገመቹ ውሃ ጠጡ?» ትለዋለች፣ እሱም ማጠጫውን ይዞ ይወርዳል። እሳቸውን «አንተ» ይል የነበረ ሰው አሁን በቀን ሁለቴ ይመልሳል፦ «ጠጥተዋል።»

ዘንድሮ ኅዳር ውርጩ ቀድሞ ገባ። ትናንት ጠዋት ወይዘሮ አልማዝ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እባክዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ደረሰ በየማምሻው ጋቢውን አውልቆ ዛፏን ያለብሳታል። ብትደርቅብኝ ሁሉንም ይነቅሉታል፣ አንቺም ትሄጂያለሽ እያለ። ሌላ ጨርቅ ላምጣልህ ስለው አይሆንም፣ ጋቢ ነው ይለኛል። ሳል ይዞታል። ለመሆኑ ወይራ ውርጭ ትፈራለች?»

ወይራ ውርጭ አትፈራም። የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ያቺን ችግኝ ደግሞ እኔ ነኝ ያጠነከርኳት፣ ራቁቷን ብታድር ምንም አትሆንም። ስልኩን ይዤ ወደ አምስቱ ዛፎች አየሁ። ሽማግሌው ሳል ይዞታል። አንዲት ቃል ብናገር ዛሬ ጋቢውን ለብሶ እሳት ዳር ይቀመጣል። እኔም ደግ ሴት እባላለሁ።

«ለማንኛውም» አልኳት፣ «እስከ ጥር ያልብሳት።»